በእኔና በእትዬ መሀል የወደቀው ኳስ

በአውቶቡስ ስሄድ የመውረጃውን ደወል ራሴ ስቤ አላውቅም ነበር። ገመዱ ከመስኮቱ በላይ ተዘርግቷል፤ መውረድ የፈለገ ሳብ ያደርገዋል፣ ሾፌሩ ያቆማል። እኔ ግን ደወሉ ሲጮህ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየኝ ስለሚመስለኝ ሌላ ሰው እስኪስበው እጠብቃለሁ። በእኔ ፌርማታ የሚወርድ ከጠፋ ዝም ብዬ አልፋለሁ፤ ቀጥሎ ያለው ላይ ወርጄ በበረዶው ላይ በእግሬ እመለሳለሁ። ቶሮንቶ በገባሁበት በመጀመሪያው ዓመት ጫማዬ ቶሎ ያለቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ጠባዬ ነው እንግዲህ የቤዝቦል ቡድን ውስጥ የገባሁት።

ያስገቡኝ እትዬ ናቸው። እትዬ አገር ቤት የእናቴ ጎረቤት ነበሩ። በሱዳን በኩል ወጥተው ካናዳ ከገቡ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። እኔ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ስመጣ ፓርክዴል ያለው አፓርታማቸው ውስጥ አስጠጉኝ። መኝታ ክፍሉ ሁለት ነው፤ አንዱ የእሳቸው፣ ሌላው የልጃቸው። እኔን ከልጃቸው ጋር አደረጉኝ። ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ እዚያው የተወለደች። አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ደግሞ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ እንግሊዝኛዬ ያኔ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። አንድ ክፍል ውስጥ እያደርን ግማሹን በምልክት ነበር የምንግባባው።

የክፍሉ ግድግዳ በቤዝቦል ተጫዋቾች ፎቶ ተሞልቷል። ከተማው ያኔ በዚህ ጨዋታ ያበደ ነበር፤ ልጅቷ ደግሞ የባሰባት ነበረች። ከአልጋዬ ፊት ለፊት አንድ ጺማም ተጫዋች ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ትክ ብሎ ያየኛል። ልብስ ስቀይር አፈርኩትና ነጠላዬን አለበስኩት። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ አየችው። «እሱ እኮ አያይሽም» አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ ሆዷን ይዛ እየሳቀች። ከዚያ ወዲህ ልብስ ልቀይር ስነሳ ነጠላውን ራሷ ታለብሰው ጀመር።

እትዬና እኔ የምንሠራው የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ላውንድሪ ውስጥ ነበር። አንሶላው ከማሽኑ እንደጋለ ይወጣል። እሳቸው ሁለቱን ጫፍ፣ እኔ ሁለቱን ጫፍ እንይዛለን። ወደ ኋላ ሄደን እንወጥረዋለን፣ እናጥፈዋለን፤ ከዚያ እሳቸው ወደኔ ይመጡና ጫፋቸውን እጄ ላይ አኑረው ከታች የተንጠለጠለውን ይዘው ይመለሳሉ። ቃል አንነጋገርም። የሚጀምሩት ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ዐይናቸውን እያየሁ እከተላለሁ። አብረውን የሚሠሩ ሴቶች «እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው» ይሉን ነበር።

አሠልጣኛችን እዚያው ላውንድሪ ካውያ ላይ የምትሠራ ጃማይካዊት ነበረች። ኤግሊንተን ዌስት ነው የምትኖረው። ድምፅዋ ከማሽኖቹ ጩኸት በላይ ይሰማል። በበጋ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሴቶች ጋር የሚጋጠም ቡድን ነበራት። አንድ ቀን የቆሸሸ አንሶላ ጠቅልዬ ከሩቅ ወደ ጋሪው ስወረውር አየችኝ።

«ይህቺን ክንድ እስከዛሬ የት ደብቀሻት ነው?» አለች።

ፊቴን በአንሶላው ሸፈንኩ። የመለሱላት እትዬ ናቸው። «እሷም ትመጣለች፣ እኔም እመጣለሁ» አሏት።

ገረመኝ። እትዬ አርባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸውን ይዘው ነው። ምክንያቱን የነገሩኝ በአውቶቡስ ወደ ቤት ስንመለስ ነው። የልጅቷ አባት ከእሳቸው ተለያይቶ በአውሮፕላን የሚኬድበት ካልጋሪ ይኖራል። ትምህርት ሲዘጋ ልጅቷ ወደሱ እንድትሄድ ጠይቋል። ለበጋው ብቻ ነው ተብሏል፤ እትዬ የፈሩት ግን ከሄደች እዚያው እንዳትቀር ነው። አትሂጂ ሲሏት ምን አለቻቸው? «እዚህ ምን አደርጋለሁ? አንቺ እንደሆን ሥራ ትሄጃለሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ትሄጃለሽ፣ ትተኛለሽ።»

«ሳላስበው ከአፌ ወጣ» አሉኝ እትዬ። «ዘንድሮ ቤዝቦል ልጫወት ነው አልኳት።»

«ምን አለች?»

«ሳቀች። ሳቀች፣ ሳቀችና እጇን ዘረጋችልኝ። ከተሰለፍሽ አልሄድም፣ ቤንች ላይ መቀመጥ ግን አይቆጠርም አለችኝ። እኔም እጇን መታሁላት። ምን ላድርግ?»

ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ መስኮት መስኮቱን ሲያዩ ነበር።

ልምምዱ የተጀመረው በመጋቢት፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነው። አሠልጣኟ «ስፕሪንግ ትሬኒንግ»፣ የጸደይ ልምምድ፣ ነበር የምትለው። በቴሌቪዥን እንዳየሁት እውነተኞቹ ተጫዋቾች በዚያን ጊዜ ፍሎሪዳ ወርደው፣ እጅጌ ጉርድ ለብሰው፣ አረንጓዴ ሣር ላይ ይንጠራራሉ። እኛ ከሥራ ወጥተን፣ ቦት ጫማችን መንገድ ላይ ለበረዶ በሚበተነው ጨው ነጥቶ እንመጣና አዳራሹ ውስጥ ዙሪያውን እንሮጣለን። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። በእረፍት ሴቶቹ ዶናት ሲያዞሩ እኔና እትዬ ስለማንነካ ለመቅጠን የምንጥር መስሏቸዋል። «አንቺ ደግሞ ምንሽን ልትቀንሺ ነው?» ትለኛለች አሠልጣኟ፣ ክንዴን በሁለት ጣቷ እየያዘች። ጾም ነው ማለት ቀላል ነበር። እኔ ግን ፈገግ ብዬ ዝም እላለሁ።

መጀመሪያ ያስቸገረን ኳሱን መያዝ ነው። ልጅ ሆነን በሰፈር በካልሲ ኳስ ስንጫወት፣ ሁለት ልጆች ከሁለት ጫፍ ይወረውራሉ፣ መሀል የቆመችው ሥራዋ መሸሽ ነው። ኳሱ ከነካት ወጣች። ስለዚህ አሠልጣኟ ስትወረውርልኝ ሰውነቴ ሳያማክረኝ ጎንበስ ይላል። እትዬም ያው ናቸው። ልጅቷ የአዳራሹ መድረክ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ታየናለች፤ ፊቷን በእጇ ትሸፍናለች፣ ከዚያ አላስችል ሲላት ተነስታ መጥታ የእናቷን ጓንት ታስተካክላለች። «ወደ ኳሱ፣ ማሚ። ወደ ኳሱ።» እትዬ እንደ ተማሪ ያዳምጧታል። ምግብ ቀረበ፣ ልብስሽን አንሺ ከሚለው በቀር በመሀላቸው ብዙ ወሬ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አሁን ኩሽና ውስጥ ብርቱካን እየተወራወሩ ይለማመዳሉ። አንዴ ብርቱካኑ ሽሮው ድስት ውስጥ ገባ። እንደዚያ ቀን እትዬ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

መያዙን ለመድን። ያልቻልነው መጮሁን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኳሱ ወደ ሰማይ ተመትቶ በሁለት ተጫዋቾች መሀል ሲወርድ፣ አንዷ ቀድማ «የኔ ነው» ብላ መጮህ አለባት። የጮኸችው ትይዛለች፤ ሌላዋ ትተውላትና ምናልባት ካመለጣት ብላ ከኋላዋ ትቆማለች። ሁለቱም ዝም ካሉ ወይ ኳሱ መሬት ይወድቃል፣ ወይ ራስ ለራስ ይጋጫሉ። ይህን ልጅቷ «ኮል ማድረግ» ትለዋለች። አሠልጣኟ በአዳራሹ ውስጥ ኳስ ሳትወረውር እያስጮኸች አለማመደችን። ተራዬ ሲደርስ ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ።

«አጠገብሽ ቆሜ እኔ ያልሰማሁሽን፣ ሜዳ ላይ ማን ይሰማሻል?» አለችኝ።

ያደግሁበት ቤት ትሪው ላይ የቀረችውን የመጨረሻ ቁራሽ የኔ ናት የሚል የለም። አንቺ ብዪ፣ አንተ ብላ እየተባለ ትቀዘቅዛለች። ሴት ልጅ ደግሞ ታላቅ ባለበት ድምፅዋን አታሰማም። ይህ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። እንደ ቁመቴ የተሰጠኝ ነገር ነው።

በሚያዝያ ወደ ሜዳ ወጣን። ሣሩ ውሃ ያዘለ ነው፤ ከአጥሩ ሥር የጠቆረ በረዶ ገና አልሄደም። አሠልጣኟ እኔንና እትዬን ከኋላ በኩል ጎን ለጎን አቆመችን። እንደ አንሶላው ሜዳውንም ያለ ቃል የምንይዘው መስሏት ነው። የመጀመሪያውን ኳስ ወደ ላይ መታችው። ሰማዩ ነጭ፣ ኳሱም ነጭ። ወደ መሀላችን መጣ። ሁለታችንም ሮጠን ደረስንና ቆምን። እኔ ዐይናቸውን አየሁ። እሳቸው ዐይኔን አዩ።

«ያዢው» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ፣ እርስዎ ይያዙት።»

«ያዢው እንጂ፣ አንቺ ትቀርቢያለሽ!»

«በሞቴ፣ እርስዎ…»

ኳሱ በመሀላችን ጭቃው ውስጥ ጥፍ አለ።

አሠልጣኟ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ምን እየተባባላችሁ ነው እዚያ?»

ልጅቷ ከአጥሩ ውጪ ሆና ተረጎመችላት። «እንደ ምግብ እየተገባበዙት ነው!»

ሴቶቹ በሣቅ ወደቁ። አንዷ ፖርቱጋላዊት ኳሱን አንስታ በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ ብላ ለጓደኛዋ አቀረበችላት። እትዬም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ልጅቷ ግን ሳቋ ቶሎ ነው የጠፋው። ጣቶቿን በአጥሩ ሽቦ ውስጥ አስገብታ እናቷን ታያለች።

በዚያው ቀን ሲያበቃ አሠልጣኟ ሁለታችንን ጠራችን። ከመሀል የምትጫወተው ሴት ከወሊድ ፈቃድ ልትመለስ ነው። ስለዚህ ከሁለታችን የምትሰለፈው አንዷ ብቻ ናት። የሚመጣው ቅዳሜ የመጨረሻው ልምምድ ነው፤ አይታ ትወስናለች። ሌላዋ ተጠባባቂ ትሆናለች። «ሁለታችሁንም እወዳችኋለሁ» አለች፤ ከዚያ ጣቷን ወደኔ ቀሰረች። «አንቺ ፈጣን ነሽ። የማትጮህ ሴት ግን አላሰልፍም። ሰው ይጎዳብኛል።»

አሳብ ያዘኝ። መሰለፉን ፈልጌዋለሁ፤ መዋሸት አያስፈልግም። እዚያ ሜዳ ላይ ስሮጥ ሰው ያየኛል ብዬ ማሰቤን ራሱን እረሳለሁ። በሌላ ቦታ ይህ ሆኖልኝ አያውቅም። ግን ያስጠጉኝ እሳቸው ናቸው፤ የምተኛው ልጃቸው ክፍል ነው። እኔ ከተሰለፍኩ ልጃቸው ትሄዳለች። ነገሩን እያገላበጥኩ ሳይታወቀኝ የሌላ ሰው አንሶላ ደርቤ አጠፍኩ። በመሀል ሳምንት በነበረን ልምምድ ላይ ኳስ በመሀላችን ሲመጣ እግሬን ቀነስ አደረግሁ። በጣም ትንሽ ነው፤ ማንም የሚያውቀው አልመሰለኝም። እትዬ ደርሰው ያዙት። ሴቶቹ አጨበጨቡላቸው። ፊታቸው በራ።

ማታ ራት ሳይቀርብ ልጅቷ ክፍላችን ገባችና በሩን ዘጋች። ቃል በቃል እያቆመች፣ እንዲገባኝ ብላ፣ በቀስታ ነው የተናገረችው።

«ፍጥነትሽን ቀነስሽ። አይቻለሁ።»

የታጠፈ ልብሴን ፈትቼ እንደገና ማጠፍ ጀመርኩ።

«እንደዚህ ከሆነ አይቆጠርም» አለች። ፎቶው ላይ ያለውን ጺማም ሰው እያየች ነበር፣ እኔን አይደለም። በጥፍሯ የፎቶውን ጠርዝ ትጭራለች። እንድትቀር የሚያደርጋት ነገር የፈለገች ልጅ መሆኗን ያኔ ነው ያወቅሁት። ግን በማታለል የመጣ እንዲሆን አልፈለገችም።

በማግስቱ ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ ወጥረን ቆመን ሳለ እትዬ ጫፋቸውን ለቀቁት። አድርገውት አያውቁም። አንሶላው መሬት ወደቀ፤ መልሶ መታጠብ ሊኖርበት ነው።

«ትናንት ለምን ቆምሽ?»

«ደክሞኝ ነው፣ እትዬ።»

«አትዋሺኝ።»

ማሽኖቹ ይጮሃሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚናገሩት።

«ልጄ ይህን ጨዋታ እንደ ጣቷ ነው የምታውቀው። ትናንት ቤት ስንገባ እንኳን ደስ ያለሽ አላለችኝም፤ ጓንቴን ወስዳ ጭቃውን ጠረገችልኝ፣ ሰጠችኝ፣ ወጣች። ገባሽ? አዘነችልኝ። የአንቺ ማዘን ይበቃኝ ነበር፣ ደግሞ የልጄ መጣ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ እንድትቀርልዎት…»

«አውቃለሁ ምን እንዳሰብሽ። ክፉ አላሰብሽም። ግን ብትሄድም እናቴ ሞክራ ነበር ብላ ትሂድ። ቅዳሜ ትጮሂያለሽ።»

«በእርስዎ ላይ እንዴት ነው የምጮኸው?»

«በኔ ላይ ማን አለሽ? በኳሱ ላይ ጩኺ።» ጎንበስ ብለው አንሶላውን አነሱ፤ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሰማሁት። «እኔም እጮሃለሁ፣ እወቂ። አልተውልሽም።»

ቅዳሜ ነፋስ ነበር። አሠልጣኟ ኳሱን እየደጋገመች ወደኛ ትመታለች። እትዬ እንዳሉት አደረጉ። «የኔ ነው!» ብለው ሲጮሁ መጀመሪያ ላይ ደንግጬ ቀረሁ፤ በቡና ላይም በቤተ ክርስቲያንም ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። ያን ኳስ ደረሱበት፣ ጓንታቸው ጫፍ ላይ ነጥሮ ወደቀ። ሌላ መጣ፤ ጮሁ፣ ያዙት። ልጅቷ አጥሩን በእጇ መታችው። እትዬ ወደሷ አላዩም፤ ወደኔ ነው ያዩት። አሁን አንቺ፣ የሚል ዐይን ነው።

ከዚያ ረጅሙ መጣ። ነፋሱ ወደ እሳቸው ይገፋዋል፣ መልሶ ወደኔ ያመጣዋል። እሮጣለሁ። እትዬም እየሮጡ ነው፤ ትንፋሻቸውን እሰማለሁ። አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ።

«የኔ ነው!» አልኩ።

በአማርኛ ነው የወጣው፤ ለሌሎቹ ትርጉም አልነበረውም። ድምፄም ቀጭን፣ የተሰነጠቀ ነበር። ኳሱ ጓንቴ ውስጥ ሲገባ እጄን አቃጠለኝ። ዞር ስል እትዬ ከኋላዬ፣ መሆን በሚገባቸው ቦታ፣ ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው፣ ጓንታቸውን ከፍተው ቆመዋል። ምናልባት ቢያመልጠኝ ብለው። ልጃቸው እንዳስተማረቻቸው።

«ጎሽ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አሠልጣኟ ማልያውን ለኔ ሰጠችኝ። እትዬን ትከሻቸውን አቅፋ ተጠባባቂ እንዲሆኑ ጠየቀቻቸው፤ እሺ አሏት። በአውቶቡስ ስንመለስ ልጅቷ ከፊት ብቻዋን ተቀመጠች። እትዬ ከኋላ፣ ጓንቱ ጭናቸው ላይ ነው። እኔ ማልያውን ቦርሳዬ ሥር አፍኜዋለሁ። ፌርማታችን ሲደርስ ማንም ደወሉን አልሳበም። እናትም ልጅም በየመስኮታቸው ያያሉ። ሊያልፈን ሲል ተነስቼ ሳብኩት።

ልጅቷ ትምህርት እንደተዘጋ ሄደች። ቃሏን ነው የጠበቀችው፤ የሚያስቆጣ ነገር አልነበረም፣ እትዬም አልተቆጡም። ፎቶዎቹን ነቅላ ወሰደች፤ ግድግዳው ላይ የፕላስተር ምልክት ቀረ። ጺማሙን ብቻ ከነነጠላው ትታልኛለች። ክፍሉ የኔ ብቻ ሆነ። ለብዙ ጊዜ ግን የምተኛው በግድግዳው ጥግ ተጠግቼ ነው፤ በእሷ አልጋ በኩል ልብስ እንኳ አላስቀምጥም ነበር።

እትዬ አንድም ግጥሚያ አልቀሩም፤ ቤንች ላይ ይቀመጣሉ። እሑድ እሑድ ለልጃቸው ይደውላሉ። ድሮ አብረው ሲኖሩ ደህና ነሽ፣ በላሽ ከሚለው አያልፉም ነበር። አሁን ልጅቷ ጨዋታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታስወራቸዋለች። አንድ ቅዳሜ ግን ከመሀል የምትጫወተው ሴት ልጇ ታሞባት ቀረችና እትዬ ገቡ። በማግስቱ ከልጃቸው ጋር ሲያወሩ ቆይተው ስልኩን ለኔ አቀበሉኝ። ልጅቷ ፈልጋኛለች።

«ኳሱ በመሀላችሁ መጣ ወይ?» አለች በእንግሊዝኛ።

«መጣ።»

«ጮኽሽ?»

«ጮኽሁ።»

«ያዝሽው?»

«አመለጠኝ» አልኳት። «እናትሽ ከኋላዬ ነበሩ። እሳቸው አነሱት፣ ወረወሩት። የምትሮጠዋ ተጋጣሚ ማረፊያዋ ላይ ሳትደርስ ከጨዋታ ወጣች።»

ከዚያ እናቷን እንዳገናኛት ነገረችኝ። እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አነጋገሯት። «እሺ… አይ፣ ጉልበቴ ደህና ነው… እሺ።» ስልኩን ዘግተው እዚያው ቆሙ።

«ትምህርቷን እዚያ ልትጀምር ነው» አሉኝ። ወደ ሶፋው እየሄዱ ደግሞ፣ «የወረወርኩትን ሁለቴ አስወራችኝ» አሉ።

ሶፋው ላይ ከማድረቂያው የወጣ ልብስ ተከምሮ ነበር። የልጅቷ አንሶላ ከላይ ነው፤ ልጅቷ ባትኖርም እትዬ እያጠቡ ያስቀምጡታል። ጫፉን አነሱ፣ እኔም ሁለቱን ጫፍ ያዝኩ። ወጠርነው፣ አጠፍነው። ወደኔ የሚመጡት ሁልጊዜ እሳቸው ነበሩ። ያን ቀን አንሶላውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ዐይናቸውን ፈለግሁት፤ ሌላ ቦታ ነው።

«እትዬ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ወደኔ ይምጡ።»

ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ መጡ።